ከሞተሩ በፊት ላሜራው፦ ስለ ሞሪስ ማይነር የቀረቡ የአንባብያን ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ቆዩ መኪናዎች ጥያቄ ያላችሁ አንባብያን ጻፉልን ብለን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ የእንግሊዝ መኪና፣ ስለ ሞሪስ ማይነርና ከእርሱ ስለ ወጡት ዓይነቶች የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው የዛሬውን አምድ ለእነርሱ ብቻ ሰጥተናል። ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ በብሪታንያ የሚኖሩ ሲሆኑ ሁለቱ ከአዲስ አበባ የጻፉ ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በለንደን የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። በምሠራበት መስመር ላይ ከኋላው በእንጨት የተዋቀረ አንድ ትንሽ መኪና ዘወትር ቆሞ አያለሁ። ሞሪስ ማይነር ነው አሉኝ፤ ሌሎች ማይነሮች ግን እንጨት የላቸውም። ይህ መኪና ስንት ዓይነት አለው? ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰውስ የትኛው ይሻላል?» — አንባቢ፣ ከለንደን

ያዩት መኪና ትራቬለር ይባላል። የማይነር ቤተሰብ በ1948 ባለ ሁለት በር የቤት መኪናና ጣሪያው የሚታጠፍ ክፍት መኪና ሆኖ ተጀመረ። በ1950 ባለ አራት በሩ ተጨመረ፤ በ1953 ደግሞ ትራቬለሩ፣ ዕቃ መጫኛው ፉርጎንና ፒካፑ ተከተሉ። በአንድ ዘመን የተሠሩት ሁሉ ከፊት ወንበር ወደ ፊት ያለው ክፍላቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ መሪውና የፊት እግሩ (የፊት ጎማዎቹን የሚይዘው ክፍል) ከአንዱ ወደ ሌላው ይገባል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከሾፌሩ ጀርባ ነው።

ይህ ልዩነት ታዲያ የመልክ ብቻ አይደለም፤ የገዢውን ኪስ የሚነካውም እርሱ ነው። የቤት መኪናው ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው አንድ ላይ ተበይደው ሸክሙን ራሳቸው ይሸከማሉ። ክፍቱ መኪና የጣሪያውን እገዛ ስለሚያጣ ፋብሪካው በበሮቹ ምሰሶዎችና በክሩስኮቱ ሥር ማጠናከሪያ ብረት ጨምሮበታል። ዛሬ በገበያ ላይ ከሚቀርቡት ክፍት ማይነሮች አንዳንዶቹ በኋላ ዘመን ጣሪያቸው የተቆረጠ ባለ ሁለት በር የቤት መኪናዎች ናቸው፤ እነዚያን ማጠናከሪያዎች ፈልጎ ያጣ ገዢ ገንዘቡን ከኪሱ ባያወጣ ይሻለዋል። ፉርጎኑና ፒካፑ በተቃራኒው የራሳቸው ሻንሲ አላቸው። የሥራ መኪናዎች ስለነበሩ ግን ብዙዎቹ እስኪያልቁ ተሠርቶባቸው ተጥለዋል፤ ጥሩ ሆኖ የቀረ ማግኘትም ቀላል አይደለም። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ለመጀመሪያዎቹ ፉርጎኖቹ የፊት ፓራፋንጎአቸው ከላስቲክ የተሠራ እንዲሆን አድርጎ ነበርና ከእነዚያ አንዱን ያገኘ ሰው ብርቅ ነገር አገኘ።

ወደ ትራቬለሩ ስንመለስ፣ እንጨቱ ለጌጥ የተለጠፈ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እንዲያ አይደለም። አሽ ከሚባለው ጠንካራ የአውሮፓ ዛፍ የተሠራው ይህ ማዕቀፍ የኋላውን ጣሪያ፣ የጎን መስታወቶቹንና ሁለቱን የኋላ በሮች የተሸከመ አካል ነው። የጎኖቹ መስታወቶች ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተቱበት ቦይ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ በቆመ መኪና ላይ በዚያ ቦይ ውስጥ አረንጓዴ ሽበት በቅሎ ማየት የተለመደ ነው። ውኃው ከዚያ ወርዶ የታችኛውን አግዳሚ እንጨት ያበሰብሰዋል። መጋጠሚያው ላይ ጥቁር ነገር ካዩ በአውራ ጣት ጥፍርዎ ይጫኑት፤ ከገባ እንጨቱ አልቋል። እንጨቱ በቫርኒሽ እያበራ ከውስጥ እንደ ስፖንጅ የሆነ ትራቬለር በየገበያው አለና ብልጭታው አያታልልዎት። ሙሉውን ማዕቀፍ በባለሙያ ማስቀየር ብዙ ሺህ ፓውንድ ይጠይቃል፤ በብሪታንያ የቴክኒክ ምርመራ ሕግም የበሰበሰ የአካል እንጨት እንደ ዛገ ሻንሲ ስለሚቆጠር መኪናውን ይጥለዋል።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የምመክረው ባለ ሁለት በሩን ወይም ባለ አራት በሩን የቤት መኪና፣ ከተቻለም ከ1962 በኋላ የተሠራውን ነው። ይህኛው ማይነር 1000 ተብሎ የሚጠራው ዓይነት ሲሆን 1098 ሲሲና 48 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተገጥሞለታል፤ የፊት ፍሬኑም ከቀደሙት የሰፋ ነው። ሞተሩ ከ1951 እስከ 2000 ሳይቋረጥ ከተመረተው፣ ኤ ሲሪስ ከሚባለው የሞተር ዘር ስለሆነ ቴስታታው፣ ፒስተኑ፣ ካርቡራቶሩ ሁሉ መለዋወጫ አለው፤ የረባ መካኒክ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ አውርዶ ይመልሰዋል። የሚያጨስ ሞተር ያለው ግን አካሉ ጤነኛ የሆነ ማይነር፣ ሞተሩ እንደ ሰዓት እየሠራ ወለሉ ካለቀው ማይነር ሁልጊዜ ይሻላል። ሻጮች ይህንን ያውቃሉ፤ ኮፈኑን ከፍተው ያበራውን ሞተር የሚያሳዩት፣ መሬት ላይ ተኝተው ሥሩን እንዲያዩ ግን የማይጋብዙት ለዚህ ነው።

እርስዎ ግን ባትሪ መብራትና ማግኔት ይዘው ይተኙ። መጀመሪያ የሚያዩት ከፊት ወንበሮች ሥር ከጎን ወደ ጎን የተዘረጋውን አግዳሚ ብረት ነው፤ የፊት እግሩን የሚይዙት ረጃጅም የብረት ዘንጎች የኋላ ጫፋቸው የታሰረው በእርሱ ላይ ሲሆን ዝገቱ የሚጀምረውም ከሁለቱ ጫፎቹ፣ ክሪክ ከሚገባበት ቦታ አጠገብ ነው። ከዚያ ሞተሩን የተሸከሙትን ሁለት የፊት ክንዶች፣ የኋላው ባሌስትራ የሚታሰርባቸውን ቦታዎችና ከበሮቹ ሥር ያሉትን የጎን ሳጥኖች ይመልከቱ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ በታች ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። አሮጌ ላሜራ ላይ አዲስ ላሜራ የተደረበበት ብየዳም ሥራ አይባልም፤ የዛገው ሳይቆረጥ የተሸፈነ ስለሆነ ከጥቂት ክረምት በኋላ ይመለሳል።

በለንደን ለሚኖር ሰው አንድ ጥሩ ነገር አለ። ከተሠሩ 40 ዓመት ያለፋቸው መኪናዎች በታሪካዊነት ሲመዘገቡ ዓመታዊውን የመንገድ ግብርና የከተማዋን የጭስ ክፍያ አይከፍሉም፤ ከግንቦት 2018 ወዲህም ብዙ ካልተለወጡ በቀር ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ አይገደዱም። ይህ የመጨረሻው እኔን አያስደስተኝም። እኛ ቦሎ እንደምንለው ዓይነት የምርመራ ወረቀት የሌለው መኪና መንገድ ላይ መገኘቱ ጤንነቱን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ሻጩ ባይገደድም አስመርምሮ እንዲያቀርብ ይጠይቁት። ካልፈቀደ ምክንያቱን ያውቃል ማለት ነው። በሙያዎ ሾፌር ስለሆኑ የአነዳዱን ነገር አላስረዝምብዎትም፤ አንደኛ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሹን ያለ ግጭት የሚያስገባው ዕቃ) ስለሌለው መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም አያስገቡት።

«ልጄ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል። በልጅነቴ በትምህርት ቤታችን የነበሩ አንድ እንግሊዛዊ መምህር ትንሽ ሞሪስ ነበራቸው። የፊት መብራቶቹ ታች፣ ከፊት ፍርግርጉ ጋር ነበሩ፤ በኮፈኑ መሃል ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ መስመርም ነበረው። የልጅ ልጄ አሁን በስልኩ የሚያሳየኝ ሞሪስ ማይነር ግን መብራቱ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ ሌላ መኪና ነው? መኪናው መሃል ለመሃል ተቆርጦ ነበር የሚባለውስ እውነት ነው?» — አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

አባታችን፣ አልተሳሳቱም፤ የልጅ ልጅዎም አልተሳሳተም። እርስዎ ያዩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። መቆረጡም እውነት ነው።

መኪናውን የነደፈው አሌክ ኢሲጎኒስ በ1906 በሰምርኔስ፣ በዛሬዋ ኢዝሚር ተወልዶ ከጦርነትና ከስደት በኋላ እንግሊዝ የገባ መሐንዲስ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ በኦክስፎርድ አጠገብ ባለው በካውሊ ፋብሪካ ውስጥ ከጥቂት ረዳቶች ጋር «ሞስኪቶ» በሚል የምስጢር ስም አንድ ትንሽ መኪና መንደፍ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ትንሽ መኪና ማለት ትልቁን መኪና አሳንሶ መሥራት ነበር፤ እርሱ ግን ትንሽነቱን ከመነሻው አስቦበት ጎማዎቹን አሳነሰ፣ ወደ አካሉ አራት ማዕዘኖች ገፋቸው፣ ሞተሩን ወደ ፊት አውጥቶ ለተሳፋሪው ቦታ ለቀቀ። ሥር የሰደደ አያያዝ እንዲኖረውም የፊት እግሩን በሚጠመዘዙ የብረት ዘንጎች ላይ አሳርፎ በጥርስ አግዳሚ የሚሠራ ቀጥተኛ መሪ ሰጠው። በ1948 እንዲህ የሚታዘዝ መሪ ያለው ርካሽ መኪና ማግኘት ብርቅ ነበር፤ ዛሬም ማይነር የነዳ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው መሪውን ነው።

የፋብሪካው ባለቤት ሎርድ ነፊልድ መኪናውን ጠሉት፤ ክብ ቅርጹን አይተው «በውኃ የበሰለ እንቁላል» ብለው አጣጣሉት። የኩባንያው ኃላፊ ማይልስ ቶማስ ባይቆምለት ኖሮ ከወረቀት የሚወርድ አልነበረም። በ1947 መጨረሻ፣ ዝግጅቱ ሁሉ ወደ መጠናቀቁ ሲደርስ ደግሞ ኢሲጎኒስ ራሱ መኪናው ጠበበበት። ቁመቱና ስፋቱ አልተመጣጠኑለትም። ናሙናውን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ለሁለት አስቆረጠውና ሠራተኞቹ ግማሾቹን እያራራቁና እያቀራረቡ እንዲያሳዩት አደረገ፤ ዓይኑ «በቃ» ያለው በ4 ኢንች፣ ማለትም በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲራራቁ ነበር። እርስዎ በኮፈኑ መሃል ያዩት ጠፍጣፋ መስመር ያ የተጨመረው 4 ኢንች ነው። ፓራውልቶቹ ግን በጠባቡ ልክ ቀድመው ተሠርተው ስለነበር ፋብሪካው መሃላቸውን ቆርጦ 4 ኢንች ላሜራ ቀጠለባቸው። የመምህርዎ መኪና ፓራውልት መሃሉ ላይ ቅጣይ እንደነበረው ትዝ ካለዎት እጅግ ከቀደሙት አንዱ ነበር።

ሞተሩ ላይ ኢሲጎኒስ የፈለገውን አላገኘም። ያሰበው አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙበት ሞተር ነበር፤ ለአገር ውስጥ 800፣ ወደ ውጭ ለሚላከው 1100 ሲሲ እንዲሆን የታቀደውም የእንግሊዝ የመኪና ግብር በሲሊንደሩ ስፋት ይሰላ ስለነበር ነው። ወጪው ከበደ፤ ያ የግብር ስሌት ራሱ በ1948 ቀርቶ በአንድ ወጥ ክፍያ ተተካ። ስለዚህ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ሞሪስ ኤይት የተወሰደው 918 ሲሲ ሞተር ተገጠመለት፤ ጉልበቱ 27 ተኩል የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። መኪናው በጥቅምት 1948 በለንደኑ የኧርልስ ኮርት ትርኢት ላይ ሲቀርብ ዋጋው ግብሩን ጨምሮ 358 ፓውንድ ነበር። ይሁንና እንግሊዛዊው ገዢ ቶሎ አላገኘውም፤ ብረት በራሽን በሚታደልበት በዚያ ዘመን ፋብሪካዎች ብረት የሚያገኙት ምርታቸውን ወደ ውጭ በሚልኩት መጠን ስለነበር ከመጀመሪያዎቹ ማይነሮች ብዙዎቹ በመርከብ ሄዱ።

መብራቱን ያነሣው ይኸው የውጭ ገበያ ነው። የአሜሪካ ደንብ የፊት መብራት ከመሬት ከፍ እንዲል ያዝ ነበርና በ1949 ወደዚያ ለሚላኩት መብራቱ ከፍርግርጉ ወጥቶ ፓራፋንጎው ላይ ተቀመጠ፤ ከ1951 መጀመሪያ አንሥቶ ሁሉም እንዲያ ሆኑ። ኢሲጎኒስ ለውጡን አልወደደውም ይባላል፤ እኔም በዚህ ከእርሱ ጋር ነኝ፣ የታችኛው መብራት ፊቱን ያሳምረው ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች ከቤት መኪናዎቹ ሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ያንን ባለ ዝቅተኛ መብራት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። በ1952 ሞሪስና ኦስቲን ተዋህደው ቢኤምሲ የተባለ አንድ ኩባንያ ሲሆኑ የኦስቲኑ 803 ሲሲ ሞተር ገባ፤ በ1956 ሞተሩ 948 ሲሲ ሆኖ መሃሉ የተከፈለው የፊት መስታወት አንድ ወጥ ሆነ፤ በ1961 ከበሩ ምሰሶ እንደ ክንድ እየወጣ መታጠፍን ያመለክት የነበረው ምልክት በብልጭታ ፍሬቻ ተተካ። በታኅሣሥ 1960 ማይነር አንድ ሚሊዮን የደረሰ የመጀመሪያው የእንግሊዝ መኪና ሲሆን ፋብሪካው ለመታሰቢያ 350 ያህሉን ፈዘዝ ባለ ሐምራዊ ቀለም አውጥቷል። ክፍቱ መኪና በ1969፣ የቤት መኪናው በ1970፣ ትራቬለሩ በ1971 ቆሙ። ከፋብሪካው የወጣው የመጀመሪያው ማይነር እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል።

«ለብዙ ዓመታት ስንከባከባቸው የነበሩ እንግሊዛዊት ጎረቤታችን ሲያርፉ የ1966 ማይነራቸውን ተናዘዙልኝ። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው፤ ያበራል። ባለፈው ወር ከግቢ ስወጣ መሪውን ሙሉ ለሙሉ እንዳዞርኩ የግራ ፊት ጎማው ወደ ውስጥ ተጣጥፎ መኪናው አፍንጫው መሬት ነካ። ያየው መካኒክ ‹አርጅቷል፣ ሽጪው› አለኝ። ሊጠገን ይችላል?» — አንባቢ፣ ከሊድስ

በመጀመሪያ እንኳን ተረፉ። መኪናው አልሞተም፤ የደረሰበት ነገር ማይነርን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ የሚጠገነውም በጥቂት ገንዘብ ነው። ሽጪው ያለዎት መካኒክ ይህን መኪና አያውቀውም ማለት ነውና ሌላ ይፈልጉ።

የሆነው እንዲህ ነው። የፊት ጎማው የታሰረበት ቋሚ ብረት ከላይና ከታች ጥርስ አለው፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከውስጥ ጥርስ የተቀረጸበት ወፍራም ዳዶ መሰል ብረት ይጠመጠምበታል። ጎማው ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር ቋሚው በእነዚህ ጥርሶች ውስጥ ይዞራል። ይህ ዳዶ መሰል ብረት በብሪታንያ ጋራዦች «ትራንየን» ይባላል። በመካከላቸው ግራሶ ከሌለ ጥርስ ጥርስን ይበላል፤ የመኪናው ክብደት የሚያርፈው በታችኛው በኩል ስለሆነም ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነው። ጥርሱ ጨርሶ ሲያልቅ ቋሚው ይወጣና ጎማው እንዳዩት ይታጠፋል። ደግነቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በእርስዎ እንደደረሰው መሪ ተጠምዝዞ በዝግታ ሲኬድ ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ትንሽ ኪሎ ሜትር መንዳቱ ከዚህ አያድነውም፤ እንዲያውም ያጋልጠዋል። በሳምንት አንድ ቀን ለገበያ ብቻ የሚወጣ መኪና ጋራዥ አይገባም፤ ጋራዥ ያልገባ መኪና ግራሶ አያገኝም። በጥንቱ ደንብ መሠረት በየ1000 ማይሉ፣ ትንሽ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ግራሶ ይጨመርበት። አጨማመሩ ቁም ነገር ነው፤ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ከሆነ ክብደቱ አንዱን የጥርስ ጎን ስለሚጨቁን ግራሶው ዙሪያውን አይደርስም። በክሪክ ይነሣ፣ ጎማው ይንጠልጠል፣ አዲሱ ግራሶ አሮጌውንና ጥቁሩን ገፍቶ ከጫፉ እስኪወጣ ይጨመር፤ መሪውም እየተጨመረ ግራና ቀኝ ይዙር። እንደዚሁ ተንጠልጥሎ ሳለ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ማነቃነቅ ይቻላል፤ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ መጋጠሚያዎቹ መፈተሽ አለባቸው።

አሁን የሚያስፈልግዎት የግራውን ቋሚና ትራንየን ማስቀየር ብቻ ሳይሆን የቀኙንም ማስፈተሽ ነው፤ እድሜአቸውና ጥማታቸው አንድ ስለሆነ ቀኙ ብዙ አይቆይም። የግራውና የቀኙ ዕቃ የተለያየ ነውና ስታዝዙ ጎኑን ለዩ። መኪናው ሲወድቅ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ተጎትቶ ሊሆን ስለሚችል እርሱም ይቀየር።

ጋራዥ ከገባ አይቀር የፍሬኑን ማስተር ሲሊንደርም ያስዩ። እርስዎ ምናልባት ከኮፈኑ ሥር ፈልገው አጥተውት ይሆናል፤ የተቀበረው ከሾፌሩ እግር ሥር፣ በወለሉ ብረት ውስጥ ነው። ምንጣፉን ሲያነሡ ክብ መክደኛ ያገኛሉ፤ የፍሬን ዘይት የሚጨመረው በዚያ ነው። ከዓይን የራቀ ስለሆነ ዘይቱ ሳይታይ ዓመታት ያልፋል፤ እርሱን ለማውጣትም የፊት እግሩ ዘንግ መንገድ ላይ ስለሚቆም መካኒኩ ቢነጫነጭ አይፍረዱበት። ይህ አንዱ የኢሲጎኒስ ጥፋት ነው፤ ነዳፊ ሁሉ መካኒክ ቢሆን ኖሮ እዚያ ባላስቀመጠው ነበር።

«ማይነሬ ላይ ዘመናዊ ራዲዮ ልገጥም ስል ኤሌክትሪሺያኑ ‹ባትሪው ተገልብጦ ነው የታሰረው› አለኝ። የቀድሞው ባለቤት አበላሽቶት ይሆን? ቤንዚኑስ የትኛው ይሻለዋል?» — አንባቢ፣ ከበርሚንግሃም

ማንም አላበላሸውም። ማይነር ከፋብሪካው ሲወጣ ማሳ የሚሆነው፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው፣ የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ የዘመኑ የእንግሊዝ መኪናዎች ብዙዎቹ እንዲሁ ነበሩ። ዘመናዊው ራዲዮ የሚፈልገው ኔጌቲቭ ማሳ ስለሆነ በቀጥታ ቢገጠም ይቃጠላል። መገልበጥ ይቻላል፦ የባትሪው ገመዶች ይቀያየራሉ፣ ዲናሞው አዲሱን አቅጣጫ እንዲይዝ ከባትሪው ጋር ለቅጽበት ይነካካል፣ የኮይሉ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ይለዋወጣሉ። የቤንዚን ፖምፓው የጥንቱ ባለ ፕላቲን ከሆነ አቅጣጫ አይመርጥም፤ ኤሌክትሮኒክ በሆነው ተቀይሮ ከሆነ ግን ለየትኛው እንደተሠራ ይጣራ። ካልገለበጡት ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ባትሪዎ ደክሞ ከሌላ መኪና ሲያስነሡ ሁለቱ መኪናዎች ብረት ለብረት፣ ፓራውልት ለፓራውልት እንዳይነካኩ፤ የአንዱ አካል ፖዘቲቭ፣ የሌላው ኔጌቲቭ ስለሆነ ገመዱ በትክክል ታስሮ እንኳ ቢሆን እሳት ይተፋል።

ስለ ቤንዚኑ፣ ከመስከረም 2021 ወዲህ በብሪታንያ ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ኢታኖል የጥንቱን ጎማ ቱቦ ያበላሻል፣ ውኃ ይስባል፣ ቆሞ በሚከርም መኪና ታንክ ውስጥም ዝገት ያመጣል። ከ5 በመቶ የማይበልጠውን ሱፐር የተባለውን ይቅዱ፤ ቱቦዎቹንም ኢታኖል በሚችሉ አዳዲስ ያስቀይሩ። ሊድ ያለው ቤንዚን በ2000 መግቢያ ከገበያ መውጣቱ ደግሞ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ መቀመጫ ይበላል። ለዚህ ቴስታታ ላይ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት መፍትሔ ነው፤ በዝግታ ለሚነዳ ሰው ግን ቴስታታው በሌላ ምክንያት እስኪወርድ መጠበቅ ይችላል። ለዚህ ብቻ ብሎ ሞተር የሚያስፈታ ጋራዥ ሥራ የቸገረው ነው።

«ከማንቸስተር ነው የምጽፈው። ሕንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ በአገሩ ታክሲ የነበረው አምባሳደር የማይነር ወንድም ነው ይላል፤ እኔ ደግሞ የማይነር ዘመድ ሚኒ ነው ብዬ ተከራከርኩት።» — አንባቢ፣ ከማንቸስተር

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ባልደረባዎ ግን ዝምድናውን በመጠኑ አቅርቦታል። በ1948ቱ ትርኢት ላይ ከማይነር ጋር ሞሪስ ኦክስፎርድ የተባለ ትልቅ ወንድም ቀርቦ ነበር። አምባሳደር የተወለደው ከዚያኛው ሳይሆን ስሙን ከወረሰው ከ1956ቱ ኦክስፎርድ ነው፤ ሂንዱስታን ሞተርስ በኮልካታ አጠገብ እስከ 2014 ሠርቶታል። ስለዚህ የአጎት ልጅ ቢባል ይስማማል። ሚኒ በ1959 የወጣ የኢሲጎኒስ ሥራ ሲሆን የማይነርን ሞተር ዘር አግድም ተገጥሞለት ይጠቀማል፤ አካላቸው ግን በምንም አይገናኝም። የቅርብ የሥጋ ዘመድ የምትፈልጉ ከሆነ በ1957 የወጡት ራይሊ 1.5 እና ዎልስሊ 1500 በማይነር ወለል ላይ የተሠሩ ናቸው፤ በ1971 ማይነርን የተካው ሞሪስ ማሪናም የፊት እግሩን ከእርሱ ወርሷል። ማይነር ራሱ በጎዳና ላይ የሚሠራ መኪና ሆኖ የቆየባት አገር ሲሪላንካ ናት፤ ብዙ የላሜራ ክፍሎችም እዚያ ተመርተው ወደ እንግሊዝ ተልከዋል።

«ለንደን ያለው ወንድሜ ትራቬለር ገዝቶ ሊልክልኝ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ማስገባት ይቻላል?» — አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

ወንድምዎ ባይገዛው ይሻላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በዚህ ላይ የእንግሊዙ መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ አገራችን ደግሞ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ የምትነዳው መንገዱን በቀኝ ይዛ ነው። እንጨቱንም ቢሆን የአዲስ አበባ ክረምት አይምረውም። አስቀድሞ ገዝቶት ከሆነ እዚያው ደረቅ ጋራዥ ፈልጎ ያቁመው።